ቀባሪ ሞልቶ ጧሪ ጠፋ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው የሚመርቁ ወላጆች ሁለቱን ቃላት ነጣጥለው አያውቁም። ቅደም ተከተላቸውንም አያዛንፉም፤ መጀመሪያ መጦር፣ ከዚያ መቀበር። አዲስ አበባ ግን ከምርቃቱ ግማሹን ብቻ ይዛ ቀርታለች። ቀባሪ ሞልቷል፤ ጧሪ የለም።

አጋነናችሁ የሚል ካለ አንድ ማለዳ የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ ወጣ ብሎ ይይ። ፀሐይ ሳይጠነክር ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ድስቱ ከዕድር ቤት ወጥቷል፣ ንፍሮው ተጥዷል። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ደመወዝ የሚከፈልበት ስንት መሥሪያ ቤት አለ እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚሠራ? እንግዲህ ጥያቄያችን ይኸው፦ ዛሬ ድንኳን የተተከለላቸው እናት፣ ከመሞታቸው በፊት አራት ወር አልጋ ላይ ሲውሉ ስም የጠራው ማን ነበር? ሳይጠይቃቸው የቀረው ስንት ብር ተቀጣ?

ዕድርን ልንሰድብ አልተነሣንም። እንዲያውም እዚህ አገር ሕዝብ ራሱ አቋቁሞ፣ ራሱ አዋጥቶ፣ ራሱ ተቆጣጥሮ ያቆየው እንደ ዕድር ያለ ተቋም ጥቂት ነው። የሚያበሳጨንም ይኸው ነው። ይህን የሚያህል አቅም ያለው ሰፈር ለአረጋውያኑ የሚደርሰው ሰኞ ከሞቱ ማክሰኞ ነው።

የበዓል ሰሞን ደጎች

«ለአረጋውያን የሚደርስ የለም ያለው ማነው? በየበዓሉ ማዕድ ይጋራ የለም እንዴ?» የሚሉን ይኖራሉ። አዎ፣ ይጋራል። ሥርዓቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ አዛውንቶቹ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ይደረደራሉ፣ እንግዶቹ አምስት ሰዓት ይመጣሉ። ንግግር ይደረጋል። ከዚያ አንዲት ጄሪካን ዘይት ስድስት ሰው ይይዛታል፤ ሰባተኛዋ ተቀባይዋ እናት ናቸው። «እማማ፣ ወደዚህ ይዩ!» ካሜራው ብልጭ ይላል።

ዘይቱ ለዳግም ትንሣኤ አይደርስም። ፎቶው ግን ኢንተርኔት ላይ ለዘላለም ይኖራል። የእኚያ እናት የሩቅ ዘመድ፣ የቀድሞ ጎረቤት፣ ዐረብ አገር ያለች ልጃቸው ሳትቀር ታየዋለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጓዳቸውን ሸፍነው የኖሩ ሴት፣ በአምስት ኪሎ ዱቄት ዋጋ ገበናቸው አደባባይ ዋለ። የሰጠው ሰው ስም አወጣ፤ የተቀበሉት ሴት ስማቸው እንኳን ፎቶው ሥር አልተጻፈም። «አቅመ ደካማ» ተብለው አለፉ።

ስለዚህች «አቅመ ደካማ» ስለምትባል ቃል አንድ ነገር እንበል። እንዲህ የሚባሉት ሴት አርባ ዓመት እንጀራ ጋግረው ሸጠዋል፣ የሰው ልብስ አጥበዋል፣ ጉልት ተቀምጠው ልጅ አስተምረዋል። አቅማቸውን የወሰደው ይህ ከተማ ነው። ከወሰደ በኋላ ዞሮ «ደካማ» ይላቸዋል።

ጡረታ የማን ነው?

ጡረታ የሚለው ቃል የመጣው ያው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው። መጦር ማለት ነው። ታዲያ መንግሥት የሚጦረው ማንን ነው? በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ የነበረውን ሰው። ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛና ወታደር ብቻ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ የ2014ቱ አዲስ አዋጅም ያንኑ መንገድ ቀጠለ። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ዕድሜ 60 ሲሞላና ቢያንስ 10 ዓመት ከተዋጣ የወር አበል ይገኛል።

መልካም ነው። ግን እንጀራ ጋጋሪዋ አሠሪያቸው ማነው? 11 በመቶውን ማን ይክፈልላቸው፤ ምጣዱ? ተሸካሚው፣ ሸማኔው፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ያረጀችው ሴትስ? ይህን ከተማ በጉልበታቸው ያቆሙት ሰዎች ከጡረታው ዝርዝር ውጭ ናቸው። ያረጁ ቀን ከደጃቸው የሚደርሰው ያው የበዓል ዘይት ነው።

ሕገ መንግሥቱ ግን ዝም አላለም። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጸደቀ። ወረቀቱ አለ። ችግሩ «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ላይ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የፈቀደው አቅም ምን ያህል እንደሆነ እንይ።

በገጠር የሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የከተማው የመጣው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በ2016 ነው። ለመጀመሪያው ዙር ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተያዘ፤ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰው እንዲደርስ ታቀደ። ከዚህ ውስጥ ሥራ ሳይጠየቅ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኝ የታሰበው 16 በመቶው ነው። በዚህ 16 በመቶ ውስጥ አረጋውያን ብቻ አይደሉም ያሉት፤ ሥራ መሥራት የማይችሉ አካል ጉዳተኞችም የጸና ሕመም ያለባቸውም አሉበት። እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረው ሁለተኛው ዙር ከተሞቹን አበዛ። ጥሩ ጅምር ነው፤ ጅምሩን አናጣጥልም። ግን ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክት ዘመን አለው፤ እርጅና ግን ዙር አይጠብቅም። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ በየወሩ «ፕሮጀክቱ ይራዘም ይሆን?» ብሎ አይጨነቅም። ጉልት ቸርቻሪዋ ለምን ይጨነቁ?

«ድሃ አገር ነን»

ይህቺ መልስ አትጠፋም። ሌሶቶ ሀብታም አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2004 ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ዜጎቿ ምንም ሳያዋጡ የሚያገኙትን የወር ጡረታ ጀመረች። ዛንዚባር በ2016 ለ70 ዓመት አረጋውያን ያንኑ አደረገች። ጎረቤታችን ኬንያ በ2018 ተከተለች። የሚሰጡት ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ የኬንያው በወር 2,000 ሽልንግ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። አዛውንቱ ገንዘቡን የሚቀበሉት ዕድሜያቸው ስለደረሰ ነው። ፀሐይ ላይ አይሰለፉም፣ ፎቶ አይነሱም፣ ማንንም አይመርቁም።

ሁለተኛዋ መልስ «ባህላችን ታላቅን ያከብራል» የምትለዋ ናት። እሺ፣ ያከብራል። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ይለቃል፣ «አንቱ» ይላል። አንቱታ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ የደም ግፊት መድኃኒትም አይገዛም።

ሦስተኛዋ «ልጆቻቸው ይጡሯቸው» ናት። የቤተሰብ ሕጉም ልጅ የተቸገረ ወላጁን እንዲረዳ ያስገድዳል። ልጆቹ ግን እነማን ናቸው? እናንተ ናችሁ፤ ይህን የምታነቡት። የደመወዛችሁን ግማሽ ለቤት አከራይ ሰጥታችሁ፣ በቀረው ታናሽ ወንድም አስተምራችሁ፣ ለእናት ስንት ይደርሳል? የአረጋዊ ጡረታ ለአረጋዊው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የልጁንም ጫንቃ ያቃልላል። ልጅ ያልወለዱስ፣ ልጃቸውን የቀበሩስ፣ ልጃቸው ቤሩት ወይ ሪያድ ደርሳ ድምፅዋ የጠፋባቸውስ?

የሚያንኳኳ ሰው

ገንዘብ ብቻውን አይጦርም። ዐይናቸው የደከመ እናት የባንክ ደብተር ቢኖራቸው ባንክ የሚወስዳቸው ይፈልጋሉ። ጤና ጣቢያ ወረፋ የሚይዝ፣ የፋይዳ መታወቂያ ሲወጣ አብሯቸው የሚሄድ፣ ቴሌብር ላይ የገባውን ብር ሳይሰርቅ የሚያወጣ፣ ሁለት ቀን በሩ ሳይከፈት ሲቀር «ምን ሆኑ?» ብሎ የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሙያ ነው። በዓለም ላይ ደመወዝ ይከፈልበታል፣ ትምህርት ቤት ይገባበታል።

እዚህ ሙያው ራሱ ጧሪ አጥቶ የኖረ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ በ2004 ነው የተመለሰው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ማለት ነው። ከዚያ የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት አዋጅ መጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በአካል ጉዳተኞችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ምጽዋት ይፈቀዳል፣ መብት አይፈቀድም፤ ፍልስፍናው ይህ ነበር። በወጣው የ70/30 መመሪያ ደግሞ የሥልጠናና የመጓጓዣ ወጪ ሳይቀር «አስተዳደራዊ» እየተባለ ሲቆጠር፣ ቤት ለቤት የሚዞር ሠራተኛ ማሰማራት ከባድ ሆነ። ዱቄት ማደል ግን ምንጊዜም ቀላል ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተሽሯል። ልማዱ ግን አልተሻረም፤ አሁንም ሪፖርት ላይ የሚያምረው የታደለ ኩንታል እንጂ የተንኳኳ በር አይደለም።

ቢኒያም በለጠ ያቋቋመውን መቄዶንያን የማያውቅ የለም። ከመንገድ ላይ ሰው አንሥቶ ያጠበ፣ ያበላ፣ ያስታመመ ማዕከል ነው፤ ክብር ይገባዋል። በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ በቀጥታ ሥርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ አገር ምድሩ እንደተረባረበም አይተናል። ግን መቄዶንያ የመጨረሻው በር ነው። አንድ አረጋዊ እዚያ እስኪደርሱ ስንት በር ዝም ብሏቸው እንዳለፈ ማን ይጠይቅ? አብዛኞቹ ደግሞ ማዕከል አይፈልጉም። የሚፈልጉት ቤታቸውን፣ ጎረቤታቸውን፣ ቡናቸውን ነው።

ጎረቤት ስንል ሌላም አለ። በ2016 እና 2017 ዓ.ም. ፒያሳና ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ በቀበሌ ቤት ያረጁ ሰዎች ከተማው ዳር ሄዱ። ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙዎች ገላን ጉራ ገቡ። ቤት ተሰጣቸው፣ እሺ። አንድ ወጣት ባለ ሽንት ቤት ክፍል ማግኘቱ ሊያስደስተው ይችላል። የ75 ዓመት ሴት ግን ያጡት ግድግዳ አይደለም። ጨው የሚያበድሯቸውን፣ ሲያማቸው ልጅ የሚልኩላቸውን፣ ሠላሳ ዓመት ያዋጡበትን ዕድር አጡ። በእሳቸው ዕድሜ አዲስ ጧሪ ቀርቶ አዲስ ቀባሪ ማግኘትም ቀላል አይደለም። ሰፈር ሲፈርስ ለግድግዳው ካሳ ይተመናል። ለጎረቤት የሚተምን መሐንዲስ ግን አልተፈጠረም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የምንለው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ዕድር ግቡ። «የሽማግሌ ነገር ነው» እያላችሁ የምትሸሹት መዝገብ የሰፈሩ ትልቁ ሥልጣን ነው። ገብታችሁ ደንቡ ላይ አንዲት መስመር አስጨምሩ፦ ከወር መዋጮው የተወሰነው በሕይወት ላሉት ይሁን፤ ለታመመ አረጋዊ ጠያቂ በተራ ይመደብ፤ ተራውን የዘለለ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣ። አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤችአይቪ ቀብር በቀብር ላይ ሲደርብ፣ ካዝናቸው የተራቆተ አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር። ያኔ የተቻለው ዛሬ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፣ ካሜራውን አስቀምጡ። መስጠት የፈለገ ይስጥ፤ የተቀባይን ፊት ግን አይለጥፍ። ደግነታችሁ ያለ ፎቶ የማይቆም ከሆነ መጀመሪያም አልቆመም።

ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን መቶ ሰው ከመጎብኘት በሳምንት አንድ ሰዓት አንድ ሰው ዘንድ ሂዱ። አንድ ስም፣ አንድ በር ይኑራችሁ። ብዙ ሆናችሁ ስትሄዱ ዝግጅት ይሆናል። ብቻችሁን ደጋግማችሁ ስትሄዱ ጎረቤት ትሆናላችሁ።

አራተኛ፣ ከሁሉም በላይ፣ ጡረታውን ጠይቁ። 70 ዓመት ለሞላው ሁሉ፣ ተቀጥሮ ይሥራ ጠላ ጠምቆ ይኑር፣ በየወሩ የሚደርስ ገንዘብ፤ ከፕሮጀክት ሳይሆን ከበጀት። የተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ ደጃችሁ በመጣ ቁጥር ስለ መንገድና ስለ መብራት እንደምትጠይቁት ይህንንም ጠይቁት። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 ኦክቶበር 1ን የአረጋውያን ቀን ብሎ ሰይሟል። መስከረም ሃያና ሃያ አንድ ላይ ይውላል። በዚያ ቀን አዳራሽ ውስጥ ንግግር ይደረጋል፣ ኬክ ይቆረሳል። ኬኩን ትተው የጡረታውን ነገር ይንገሩን።

ይህን ሁሉ የምንለው ከርኅራኄ ብቻ አይደለም። በዴሊቨሪ ሞተር የምትሮጠው፣ ያለ ቅጥር ደብዳቤ የምትሠራው፣ በኮሚሽን የምታድሪው፣ አሁን ለአንተም ለአንቺም 11 በመቶ የሚያዋጣ አሠሪ አለ? የለም። ስለዚህ የዛሬዋ እንጀራ ጋጋሪ ጉዳይ የነገው የእናንተው ጉዳይ ነው። ያኔ ቀባሪ አታጡም፤ ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ንፍሮውም ይቀቀላል።

ከዚያ በፊት ያሉትን ሃያ ዓመታት ማን ይጡራችሁ?