መንኮራኩሩን ነቅሎ ስሙን መስቀል

“ጥንቱንም መርከብ ያልነበረ ቤት ቢታደስ፣ ባይታደስ ማንን ይገደዋል?” የሚል ሙግት አለ። ሙግቱን የሚያነሡት ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ ቅርስ ሲነካ ከማንም በፊት የሚጮኹ ናቸው። ይህ ጸሐፊ ግን በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋር አይስማማም። ያለመስማማቱንም ምክንያት ከአንድ የሩቅ አገር ምግብ ቤት ተነሥቶ ያስረዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ በፍሎሪዳ፣ የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ከመዝናኛዎቹ አጠገብ በ1975 የከፈተው የገበያ መንደር አለ። የመንደሩ ስም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ከ2015 ጀምሮ ዲዝኒ ስፕሪንግስ ይባላል። በመንደሩ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር በ1977 አንድ ምግብ ቤት ተከፈተ። መልኩ በ19ኛው መቶ ዘመን በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ይመላለሱ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች መልክ ነው፦ ተደራራቢ ሰገነት፣ ሁለት ረጃጅም የጢስ ማውጫ፣ ከኋላ ትልቅ ቀይ መንኮራኩር። ስሙ “ኤምፕረስ ሊሊ” ነበር፤ የዋልት ዲዝኒ ባለቤት ለነበሩት ለወይዘሮ ሊሊያን መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ወይዘሮዋም በምረቃው ተገኝተዋል። ከውኃው በታች ግን ያለው የሲሚንቶ መሠረት ነው። መርከቡ ከተሠራበት ቀን አንሥቶ አንድ ክንድ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

እንግዲህ ተሟጋቾቹ “ሐሰተኛ” የሚሉት ይህን ነው። ሐሰተኛ መርከብ መሆኑን ማን ካደ? ነገር ግን እውነተኛ ቤት ነው። ምግብ አብሳዩና አስተናጋጁ ለዓመታት ያገለገሉበት፣ ሰው ቤተሰቡን ይዞ የበላበትና ፎቶግራፍ የተነሣበት ቤት ነው። አንድ ነገር አስመስሎ የተሠራ በመሆኑ ብቻ ታሪክ የለውም ማለት፣ ዕድሜን ለድንጋይ ብቻ መስጠት ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ እድሳት የመጣው በ1995 ነው። “ኤምፕረስ ሊሊ” ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ የምግብ ኩባንያ ተረክቦት “ፉልተንስ ክራብ ሃውስ” በሚል ስም ተከፈተ። ሮበርት ፉልተን ማለት በ1807 ከኒውዮርክ ወደ ኦልባኒ በሀድሰን ወንዝ ላይ የእንፋሎት መርከብ አስኪዶ፣ ይህ ሥራ ትርፍ እንደሚያስገኝ ለዓለም ያሳየ ሰው ነው። ስሙን ማንሣቱ መልካም ነበር። ነገር ግን በዚሁ በፉልተን ስም በሚጠራው ዘመን የጢስ ማውጫዎቹ ወረዱ፤ መንኮራኩሩም ተነቀለ። የእንፋሎትንና የመንኮራኩርን ሰው ስም በር ላይ ሰቅሎ እንፋሎቱንና መንኮራኩሩን ማስወገድ! በአገራችን የአባቱን ስም እየጠራ የአባቱን ቤት የሚያፈርስ ልጅ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል።

ለኩባንያው ፍትሕ መስጠት ይገባል። ፍሎሪዳ እርጥበትና አውሎ ነፋስ የማይለያት አገር ናት። ውኃ ዳር የቆመ እንጨትና ብረት ይበሰብሳል፤ ይዝጋል። የበሰበሰ የጢስ ማውጫ በተመጋቢ ራስ ላይ እስኪወድቅ ይጠበቅ የሚል ሰው የለም። ምግብ ቤትም የሚኖረው በገበያ ነው። ይሁን እንጂ አደገኛ የሆነውን ማውረድ አንድ ነገር ነው፤ ቦታውን ለዓመታት ባዶ መተው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጥገና ነው። ሁለተኛው ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ስንፍና ነው።

በ2016 ቤቱ እንደገና ተዘጋ፤ በ2017 መጀመሪያ “ፓድልፊሽ” ተብሎ ተከፈተ። ስሙ የሚሲሲፒ ተፋሰስ ዓሣ ስም ነው፤ አፍንጫው እንደ መቅዘፊያ የረዘመ ዓሣ። በዚህ ጊዜ መንኮራኩሩ ተመለሰ፤ የሰገነቱም አናት ለእንግዳ ተከፈተ። አዳሾቹን ለዚህ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። የቀረው መልክ ግን ከጥንቱ የወንዝ መርከብ ይልቅ ወደ ዛሬ የባለጸጋ መዝናኛ ጀልባ ያጋደለ ነው። ቢሆንም ግማሽ ትክክል ከሙሉ ስሕተት ይሻላል፤ የ2017ቱ እድሳት ከ1996ቱ የሚበልጠው መንኮራኩር የሌለው የሚሲሲፒ መርከብ ምንም እንዳልሆነ ስለ ገባው ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መልክ ነው። የሚያስቆጨኝ ዋናው ጉዳይ ግን መልኩ አይደለም። እነዚያ መርከቦች ምን ጭነው ነበር? ጥጥ ጭነው ነበር፤ ጥጡን የሚለቅሙ ባሮችንም ጭነው ነበር። ከላይኛው ደቡብ የተገዙ ሰዎች በሰንሰለት ታስረው ወደ ኒውኦርሊየንስ ገበያ የሚወርዱት በዚሁ ወንዝ ላይ ነበር። ኋላ ነጻ ወጥቶ ደራሲ የሆነው ዊልያም ዌልስ ብራውን በወጣትነቱ ለባሪያ ነጋዴ ተከራይቶ በመርከብ ላይ ለሽያጭ የሚወርዱትን ሰዎች እንዲያዘጋጅ መገደዱን በ1847 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፎአል። በሚያዝያ 1865 ደግሞ “ሱልታና” የተባለችው መርከብ በሜምፊስ አጠገብ የእንፋሎት ጋኖቿ ፈንድተው ከ1100 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ሕጉ የፈቀደላት 376 ሰው ሆኖ ሳለ የጫነችው ከ2000 በላይ ነበር፤ አብዛኞቹ ከእርስ በርሱ ጦርነት እስር ቤት ተለቀው ወደየቤታቸው የሚመለሱ ወታደሮች ነበሩ። ራት የሚበላ ሰው ሸርጣኑን እየሰበረ ይህን ያልቅስ አልልም። ነገር ግን በ1977ም፣ በ1996ም፣ በ2017ም የተነሣው ጥያቄ ቀለሙ ነጭ ይሁን ወይስ ቀይ፣ መንኮራኩሩ ይኑር ወይስ ይቅር የሚል ነበር። ወንዙን የጠየቀው የለም።

“ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው” የሚለኝ አይጠፋም። እንዲህ ላለው ሰው የምመልስለት ከራሳችን ወንዞች ነው።

ካርቱም ላይ “መሊክ” የተባለች መርከብ ነበረች። በለንደን ቴምዝ ዳር ተሠርታ፣ በክፍል በክፍል ተፈትታ መጥታ በዓባይ ላይ የተገጠመች የጦር ጀልባ ናት፤ በመስከረም 1898 በኦምዱርማን ጦርነት ተኩሳለች። ከ1926 ጀምሮ የጀልባ ክለብ ቤት ሆነች። እንግዲህ እውነተኛዋ መርከብ የመዝናኛ ቤት የሆነችው የፍሎሪዳው ሐሰተኛ ከመታሰቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ ነው! በ1980ዎቹም ጎርፍ አንሥቶ ደረቅ ምድር ላይ አስቀመጣት። ለሷ እንኳንስ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜም እንደዚያ ያለ እድሳት አልተደረገላትም።

ጋምቤላም አለች። አጼ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር ከ2000 ሜትር ያልበለጠ ርዝመትና ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ስፋት ያለው መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሰጥ ተስማሙ። በክረምት፣ ባሮ ሲሞላ፣ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ሲመለሱ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ይጭናሉ። ወንዙ ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። ጣቢያው በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በበቅሎና በተሸካሚ ትከሻ ከደጋው ወርዶ ወደብ ላይ የተከመረው ቡና የስንቱን ሰው ቤት እንዳቆመ ጋምቤላና ጎሬ ይመስክሩ።

ዛሬ በየሐይቃችንና በየወንዛችን ዳር መዝናኛ የሚሠሩ ባለሀብቶች በዝተዋል፤ ደግ ነገር ነው። መርከብ መሳይ ምግብ ቤት የሚያምረውም ይኖራል። ይሥራ። አስመስሎ መሥራት ነውር አይደለም፤ ከላይ የተሟገትሁለትም ነገር ይኸው ነው። ነገር ግን ንድፉን ከፍሎሪዳ ፎቶግራፍ ላይ ከመቅዳቱ በፊት ወደ ባሮ ይውረድ፤ ቡናውን የጫኑትን ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ያነጋግር፤ መርከቦቹ የት ላይ ይቆሙ እንደ ነበር፣ ጭነቱ በምን ይወርድ እንደ ነበር፣ ተሸካሚው ስንት ይከፈለው እንደ ነበር ይጻፍ። ቤቱን ከሃያ ዓመት በኋላ ሲያድስም ይህን ጽሑፍ ለናጺውና ለቀለም ቀቢው አስቀድሞ ያንብብላቸው።