በአንድ እግር ዲዝኒላንድ

ባለፉት አምስት ሳምንታት ይህ ገጽ የሌላ ሰው ጽሑፍ ይዞ ስለ ወጣ፥ «ጸሐፊው ምን ነካው?» ብላችሁ የጠየቃችሁ አንባቢዎቼ ሆይ፥ እግዜር ይስጥልኝ። አልሞትሁም፤ ሥራዬንም አልለቀቅሁም። እኅቴን ለመጠየቅ ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄጄ፥ ቁርጭምጭሚቴን ወለም ብሎኝ ነው የቀረሁት። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚሁ እግር ነው። ጨዋታው የሚያስቅ ነው፤ መጨረሻው ግን አሳፍሮኛል። ሳቁንም ዕፍረቱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

አደጋው የደረሰው ገና ከአውሮፕላን በወረድሁበት ቀን ነው። እናታችን የላከችውን በርበሬና ሽሮ ከመኪና አውርጄ ወደ ቤት ሳስገባ እኅቴ፥ «ተው ቀስ በል፤ ሁለት ጊዜ ብትመላለስ ምን ትሆናለህ?» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ሁለቱን ካርቶን ደርቤ ተሸከምሁና በረንዳው ላይ ያለችውን አንዲት ደረጃ ሳላያት ቀረሁ። ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ ተጠመዘዘ፤ አንድ ነገር ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁ፤ በርበሬውም በረንዳውን ሞላው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ግን እያስነጠስሁ በተግባር አየሁት።

አገር ቤት ብሆን ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ ወጌሻ ይጠራልኝ ነበር። እዚያ ሐኪሙ ያደረገው ግን ሁለት ነገር ነው። አስቀድሞ አራት እርምጃ መራመድ እችል እንደ ሆነ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎም የቁርጭምጭሚቱን አጥንቶች በጣቱ እየተጫነ የሚያመኝን ቦታ ፈለገ። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ የኦታዋ ሐኪሞች ያወጡት ሲሆን፥ ራጅ መነሣት የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን ሰው ለመለየት ይረዳል። እኔ አራቱን እርምጃ መራመድ ስላቃተኝ ራጅ ተነሣሁ። አጥንቱ ደኅና ነው፤ የተጎዳው በውጭ በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ነው። ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዳሩ ግን ስብራት ይሁን ወለምታ ሳይለይ እግርን ማሸትና አጥብቆ ማሰር ብዙ ሰው ጎድቷልና፥ እናንተም ይህ ቢደርስባችሁ አስቀድማችሁ ተመርመሩ።

ሐኪሙ እስከ ባቴ የሚደርስ ወፍራም ጫማ አጠለቀልኝና ምርኩዝ ሰጠኝ። ምርኩዙን በታመመው እግር በኩል ስይዘው ሣቀብኝ። ለካስ ምርኩዝ የሚያዘው በደኅናው እግር በኩል ባለው እጅ ኖሯል! ደረጃ ሲወጡ ደኅናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ደግሞ የታመመው። ይህን ሁሉ ነግሮኝ፥ «እንግዲህ አይቸኵሉ» ብሎ አሰናበተኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ዲዝኒላንድ የምንሄድበት ቀን ደረሰ። ቲኬቱ እኔ ሳልመጣ የተገዛ ነው፤ ሁለቱ የእኅቴ ልጆችም ቀኑን በቀን መቍጠሪያው ላይ በቀይ ከበው ሲጠብቁት ከርመዋል። እቤት ልቅር ብል ልጆቹ አኰረፉ፤ ልሂድ ብል እግሬ። በመጨረሻ ልጆቹ አሸነፉና 40 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጕዘን አናሃይም ገባን።

ስፍራውን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ዲዝኒላንድ የሥዕል ፊልም ሠሪው ዋልት ዲዝኒ የብርቱካን ተክል በነበረበት መሬት ላይ በአንድ ዓመት ጊዜ አሠርቶ፥ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955 የከፈተው የመጫወቻ ከተማ ነው። በተከፈተበት ቀን ፀሐዩ ስለ ከረረና አስፋልቱ ገና አዲስ ስለ ነበረ የሴቶቹ ተረከዝ እየሰመጠ አስቸግሮ ነበር ይባላል። በውስጡ የተረት ቤተ መንግሥት፥ የሰው ሠራሽ ወንዝና መርከብ፥ ዙሪያውን የሚዞር የእንፋሎት ባቡር አለ። በመግቢያው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች የላይኛው ፎቃቸው ከታችኛው እያነሰ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ለሚያያቸው ከቁመታቸው በላይ ረዥም ይመስላሉ። ይህን ሁሉ ለማየት ግን በእግር መሄድ ያስፈልጋል፤ ያውም ቀኑን ሙሉ።

በበሩ አጠገብ ባለ ጎማ ወንበር የሚከራይበት ቦታ አለ። የእኅቴ ባል አንዱን ይዞ ሲመጣ ደም ወደ ፊቴ ወጣ። «እኔን? ሰው እያየኝ? በምርኩዜ እሄዳለሁ!» አልሁ። እኅቴ ወገቧን ይዛ ቆመችና፥ «አንተ! አበበ ቢቂላ የተቀመጠበትን ወንበር ናቅህ?» አለችኝ።

አፌን ዘጋችው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፥ በ1964 ደግሞ ቶክዮ ላይ ማራቶንን ያሸነፈ ጀግና ነው። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከማይንቀሳቀሱ በኋላም ፊቱን አልሸሸገም። በ1970 እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል በተደረገው የአካል ጕዳተኞች ውድድር ቀስት ይዞ ተሰለፈ፤ በ1972ም ሙኒክ ላይ በዚያው ወንበሩ ተቀምጦ የኦሊምፒክ እንግዳ ሆነ። በዓለም ላይ የታወቁት እነዚያ እግሮች ወንበሩን ካልተጠየፉት፥ በረንዳ ላይ በበርበሬ ካርቶን የወደቀ ጸሐፊ ማን ነውና ይጠየፋል? ተቀመጥሁ።

የአሥር ዓመቱ ልጅ እየገፋኝ ስንዞር አንድ ነገር ልብ አልሁ። የትም ብንሄድ ማለት ይቻላል ደረጃ የለም፤ ካለም አጠገቡ ተዳፋት መንገድ አለ። ይህ በቸርነት ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጕዳተኞች ሕግ፥ ሕዝብ የሚገባበት ስፍራ ሁሉ ለእነርሱም የሚመች እንዲሆን ያስገድዳል። ሒሳቡም ተወስኗል፤ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ ተዳፋቱ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ሊኖረው ይገባል። ከዚያ ካጠረ ወንበር ገፊው ይደክማል፤ ተገፊውም ወደ ኋላ ይንከባለላል።

ልጆቹ ፈረስ የሚመስለው መዞሪያ ላይ ሲወጡ እኔ ከአንድ አግዳሚ ወንበር አጠገብ ቆየሁ። ያን ጊዜ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ዋልት ዲዝኒ ራሱ፥ ሴቶች ልጆቹ ሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ በመሰለው መዞሪያ ሲጫወቱ፥ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። ወላጅና ልጅ አብረው የሚጫወቱበት ስፍራ ለምን አይኖርም ብሎ ያሰበው በዚያ ተቀምጦ ሳለ እንደ ነበረ ይናገር ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ሁሉ የሚሮጥበት ከተማ የታሰበው ቁጭ ብሎ በሚጠብቅ ሰው ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ቀለል ማለቱ ግን አልበጀኝም። ከሰዓት በኋላ ማተርሆርን የሚባለው ተራራ ዘንድ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1959 የተሠራ፥ ከእውነተኛው የስዊስ ተራራ መቶ እጅ አንዱን የሚያህል፥ 45 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሰው ሠራሽ ተራራ ነው። በውስጡና በዙሪያው በብረት ቧንቧ ሐዲድ ላይ ጋሪዎች እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ። ልጁ፥ «አጎቴ፥ አንድ ጊዜ ብቻ!» አለኝ። ወፍራሙን ጫማ አውልቄ በቦርሳ የያዝሁትን የዘወትር ጫማዬን አጠለቅሁ። አስተናጋጁ፥ «ያለ ረዳት መሳፈር ይችላሉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፥ «እንዴታ!» ብዬ ዋሸሁ። ወደ ጋሪው ዝቅ ብዬ ስረግጥ ነው የገባኝ። በየመታጠፊያው እግሬን አጥብቄ በቈነጠጥሁ ቍጥር እንባዬ መጣ፤ ልጁ ግን በደስታ የማለቅስ መስሎት አብሮኝ ጮኸ። ስንወርድ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ነበር። የአምስት ደቂቃ ኵራቴ ሁለት ሳምንት ጨመረብኝ፤ ይህ ገጽም ያን ያህል የዘገየው በዚሁ ጥፋቴ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ቀን በወንበሩ አለፈ። እ.ኤ.አ. ለ1964ቱ የኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ተሠርቶ በ1966 ወደዚህ የመጣ፥ የየአገሩን ልብስ የለበሱ አሻንጕሊቶች የሚዘፍኑበት የጀልባ ጕዞ አለ። ከጀልባዎቹ አንዱ ባለ ጎማ ወንበርን ከነተቀማጩ ይቀበላል። ያንኑ ጀልባ ስንጠብቅ አንዲት መልካም ሴትዮ ወደ ልጁ ጐንበስ ብላ፥ «ሰውየው ውሃ ይፈልግ ይሆን?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ከፊቷ ነኝ፤ ጆሮዬም አልታመመም። ክፋት አልነበረባትም፤ ነገር ግን ወንበር ላይ በተቀመጥሁ በስድስት ሰዓት ውስጥ ስለ እኔ ሌላ ሰው ይጠየቅ ጀመር።

በጀልባው ላይ ሆኜ አሻንጕሊቶቹን ማየት አቃተኝ። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት የሚሠራ አንድ ባልደረባ አለን። በልጅነቱ በፖሊዮ እግሩ ስለ ሰለለ በሁለት ክራንች ይሄዳል። የሰኞ ስብሰባችን የሚደረገው አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ደግሞ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበዛል። እርሱ ዘወትር አርፍዶ ነው የሚገባ። አንድ ሰኞ ላቡን እየጠረገ በሩን ሲከፍት እኔ ሰዓቴን አየሁና፥ «እንኳን ለሚመጣው ሰኞ አደረሰህ!» አልሁት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እርሱም ሳቀ። ያን ሳቅ እንደ ሙገሳ ቈጥሬው ኖሬአለሁ።

አገሬ ከተመለስሁ በኋላ፥ ባለፈው ሰኞ ጧት ምርኩዜን ይዤ ደረጃው ሥር አገኘሁት። አሳንሰሩ አይሠራም። «እንኳን ደኅና መጡ፤ ምሕረቱን ያምጣልዎ» አለኝ። የታመመውን እግሬን ሳስቀድም አይቶ፥ «ሲወጡ ደኅናውን ነው የሚያስቀድሙት» ብሎ አረመኝ። እየተደጋገፍን ወጣን። በየፎቁ የት ቦታ ግድግዳውን ተደግፎ ማረፍ እንደሚሻል ያውቃል፤ የደረጃውንም ቍጥር ያውቃል፤ 76 ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመን ስናርፍ፥ «ወንድሜ፥ ያን ቀን ስለ ቀለድሁብህ ይቅር በለኝ» አልሁት።

ግራ ገብቶት አየኝና፥ «የትኛውን ቀን?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። አንድ ቀን ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ የማስታውሰው አንዱን ነው፤ እርሱ ግን ሁሉንም ነው የወጣው።

ስንገባ ስብሰባው ተጀምሮ ነበር። በእኔ ማርፈድ ማንም አልቀለደም። በነጋታው ስብሰባው ምድር ቤት ባለው ክፍል እንዲደረግ የአራት መስመር ማስታወሻ ጻፍሁ፤ በሦስተኛው ቀን ተፈቀደ። ክፍሉ ዱሮም ባዶ ነበር። በእኛ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 በአንቀጽ 36፥ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ሕጉ ከተጻፈ ዘመን አልፎታል፤ የጐደለው ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ነበር።

ተማሪዎች ሆይ፥ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፥ ምክሬ አጭር ነው። እግራችሁ ታሞ ሽርሽር መሄድ ካለባችሁ፥ ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ሂዱ፤ በማለዳ ውጡ፤ ከምታዩት ነገር ግማሹን ቀንሱ፤ በየመካከሉ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉ፤ የታዘዘላችሁን ጫማ ለማንም ልጅ ልመና አታውልቁ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳልና፥ የእናንተም ቁርጭምጭሚት ይድናል።

የእኔም እየዳነ ነው። በሚቀጥለው ወር ምርኩዙን እጥለዋለሁ። የመዝገብ ቤቱ ባልደረባዬ ግን ክራንቹን አይጥልም። ስለዚህ ነገ ጧት ወደ ሥራም ሆነ ወደ ክፍል ስትገቡ፥ እባካችሁ ደረጃችሁን አንድ ጊዜ ቍጠሩት፤ ከኋላችሁም ማን እንደሚወጣ ዘወር ብላችሁ እዩ።

ለሳምንት ያድርሰን።