ከሁዳዴ እስከ ፋሲካ

ውሻችን ቡቺ ሌሊት ሰውነቱን ሲያክ የኋላ እግሩ የአጥሩን ቆርቆሮ ይመታል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሁለት ዓመት ያህል በዚህ ድምፅ ተኝተን በዚህ ድምፅ ነቅተናል። ከጆሮው ጀርባ ያለው ፀጉር ረግፎ ቆዳው ቀልቶ ነበር። ነጫጭ የፊት መዳፎቹን ከመላሱ ብዛት ፀጉራቸው የዝገት መልክ ይዞ ነበር። የጆሮው ሽታ ደግሞ ገና ሳይጠጉት ይታወቅ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ቁንጫ ነው። ልክ ነበርን፤ የሚያሳክከው ውሻ ሁሉ አስቀድሞ ለቁንጫና ለእከክ መታየት አለበት። ታከመ፣ ቁንጫው ጠፋ፣ ማሳከኩ ግን አልተወውም። ቀጥሎ «ለቆዳ ፍቱን ነው» የተባለ ከውጭ የገባ የውሻ ምግብ ገዛሁ። ዋጋው የቤታችንን የወር ጤፍ ያህል ነበር። ከረጢቱ ላይ ትልቅ ዓሣ ተስሏል። ከጀርባው በደቃቁ የተጻፈውን ያነበብኩት ግን ግማሹ ካለቀ በኋላ ነው፤ ዶሮ አለበት፣ የከብት ስብ አለበት፣ ዓሣው የመጣው አራተኛ ላይ ነው። ያን ቀን ያዘንኩት ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ውሻው በእኔ ተማምኖ የሰጠሁትን ይበላ ነበርና።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፤ በሁለት ቀን አንዴ የምናመጣለት ቁርጥራጭም ቀረ። የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ዘበኛችን አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ እየወረዱ፣ ዓሣው ሲበለት የሚተርፈውን ጭንቅላትና አከርካሪ ከትልልቆቹ አሞራዎች ቀድመው በርካሽ ይዘው ይመጣሉ። ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት ይቀቅሉታል፤ አጥንቱን አንድ በአንድ በጣታቸው ለቅመው ያወጡና ሥጋውን ከሩዝ ጋር ያሹለታል። በጾሙ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት እናቴ ቡና እያፈላች «ይሄ ውሻ ምነው ዝም አለ?» አለች። እውነትም ቆርቆሮው ከጮኸ ሰንብቷል። የፋሲካ ዕለት አጥንቱን እንደ ልቡ ጋጠ። በሦስተኛው ሌሊት፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ይህን ለእንስሳት ሐኪሙ ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። የምግብ አለርጂን ለይቶ ለማወቅ እስካሁን ከሁሉ የሚታመነው መንገድ ይኸው ነው አሉኝ። ውሻው ቀድሞ በልቶት የማያውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ ወይም ዓሣ ከአንድ ዓይነት ድንች ወይም እህል ጋር ብቻ ለ8 ሳምንት ይበላል፤ ከተሻለው የቀድሞው ምግብ ይመለስለትና ይታያል። ስምንት ሳምንት 56 ቀን ነው፤ ሁዳዴ 55። ሳናውቀው ፈተናውን ጀምረነው ኖሯል። በደም ይመረመራል የሚሉም አሉ፤ ለምግብ አለርጂ ግን የደም ምርመራው ስለማያስተማምን ሐኪሙ ገንዘቤን እንዳላወጣ ከለከሉኝ። ለዚህ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ሁዳዴው ግን ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አልመለሰውም። በጾም ከቤታችን የጠፋው የበሬ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ወተቱም ጠፍቷል። ውሾችን በብዛት ከሚያስቸግሩት ምግቦች የበሬ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ይገኙባቸዋል። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ጀመርን፤ በሁዳዴ የተስማማው ዓሣ ከድንች ጋር ብቻ፣ 8 ሳምንት ሙሉ።

ከባዱ ነገር ምግቡ አልነበረም፤ ሰው ነው። የእኛ ሰፈር ውሻ የሰፈሩ ሁሉ ውሻ ነው። አንዱ ቁራሽ ዳቦ ይወረውርለታል፣ ሌላዋ የተረፈ ወጥ በእንጀራ ጠቅልላ ታቀብለዋለች፣ ልጆች የብስኩታቸውን ግማሽ ያካፍሉታል። አንዲት ጉርሻ የወር ልፋትን መና ታስቀራለች። ስለ አለርጂ ባስረዳ ባስረዳ የሚሰማኝ አጣሁ። መላውን ያገኘችው እናቴ ናት። ቤት ለቤት ዞራ «ቡቺ መድኃኒት ላይ ነው» አለች። በቃ። ከዚያ ወዲያ ከአጥሩ በላይ አንድም ነገር አልወደቀም፤ መድኃኒት ላይ ያለን ፍጥረት ማን ይደፍራል?

ስለ ወጡ ግን ልቤ አሁንም አያርፍም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፤ መብሰላቸውም ጉዳቱን አያስቀርም። ያለ ሽንኩርት ወጥ በማይሠራበት አገር «ትርፍራፊ ይብላ» ማለት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መመረዝ ነው። ሳንባና ጉበትም በጥሬው አይሰጥ። ውኃ የቋጠረ ዕጢ ያለበትን የበላ ውሻ የኮሶ ትል ይይዘውና ዕንቁላሉን በዓይነ ምድሩ ይጥላል፤ ያ ዕንቁላል ወደ ልጆቻችን አፍ ከገባ በእነሱም ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ዕጢ ያበቅላል። በደንብ መቀቀል ነው፤ ውኃ የቋጠረውን ደግሞ ጨርሶ መቅበር።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ነገሩን ስትሰማ «እህል የሌለበት የሚባል አለ፣ ልላክልህ» አለችኝ። ፍቅሯ ገብቶኛል። ነገር ግን ውሻን በብዛት የሚያስቸግረው እህሉ ሳይሆን ሥጋውና ወተቱ ነው። በዚያ ላይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. እህል የሌለባቸው፣ አተርና ምስር የበዛባቸው ምግቦች ከውሾች የልብ ጡንቻ ሕመም ጋር ግንኙነት ይኖራቸው እንደሆነ መመርመር ጀምሮ ነበር። ግንኙነቱ በእርግጠኝነት አልተረጋገጠም፤ እኔ ግን ለደህና ልብ አዲስ ስጋት በውድ ዋጋ መግዛት አልፈለግኩም።

ስምንቱ ሳምንት ሲያልቅ የጆሮው ጀርባ ለስላሳ ፀጉር አብቅሎ ነበር። ለሁለት ሳምንት ወተት ጨመርንለት፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጥቂት የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ሰጠነው። ሌሊቱን ነቅቼ ጠበቅኩ፤ ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ቆርቆሮው ጮኸ። የበሬ ሥጋ ነው።

ዓሣና ድንች ለ8 ሳምንት ለጎለመሰ ውሻ ይበቃል፤ ለዕድሜ ልክ ግን አይበቃም፤ ለቡችላ ደግሞ ለዚያች ጊዜም ቢሆን ያለ ሐኪም አይሞከርም። ሥጋ ያለ አጥንት ካልሲየም ይጎድለዋል። እኛ የዕንቁላል ቅርፊት አድርቀን እንፈጫለን፤ የአንዱ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ መጠኑንና የሚጨመሩትን ቫይታሚኖች ሐኪሙ ወስነውልናል። ድመት ያላችሁ ይህን አትቅዱ። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጎዳል፤ ድንችና ሩዝ የበዛበት ማዕድ አይሆናትም።

ዘበኛችን ዛሬም ማክሰኞና ዓርብ አሞራ ገደል ይወርዳሉ። ዘንድሮ በፋሲካ ጠዋት የጎረቤታችን ትንሹ ልጅ በራችንን አንኳኳ። በእጁ የቋጠራትን ፌስታል ሳይ ደነገጥኩ፤ አጥንት መስሎኝ ነበር። ስፈታው የተቀቀለ ዓሣ ነው፤ እሾሁ ተለቅሟል። «የቡቺ መድኃኒት ነው» አለኝ።