በመድኃኒት የተጎዳ ሰው ካሳ ያገኛል?

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ፋርማሲ ገብቶ መድኃኒት መግዛት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያው መድኃኒት ክፉኛ ቢጎዳችሁስ? ማንን ትጠይቃላችሁ?

የምናወራው ስለ ማቅለሽለሽ አይደለም። ብዙዎቻችን ባክትሪም የምንለው ኮትሪሞክሳዞል፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒንና ሌሎችም አልፎ አልፎ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም የሚባል ችግር ያስከትላሉ። ቆዳ እሳት እንደነካው ይላጣል፣ አፍና ዓይን ይቆስላል። የሚሞት አለ፤ የተረፈውም ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው። ግን ለደረሰበት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

እሺ፣ ሕጋችን ምን ይላል? መሠረቱ አሁንም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

አንደኛው መንገድ ጥፋት ነው። አለርጂ እንዳለባችሁ ካርዳችሁ ላይ ተጽፎ እያለ ያንኑ መድኃኒት ያዘዘ ሐኪም በሙያ ጥፋት ሊጠየቅ ይችላል (አንቀጽ 2031)። ሠራተኛው ላጠፋው የሕክምና ተቋሙም ይጠየቃል (አንቀጽ 2651)።

ሁለተኛው አምራቹ ነው። ለትርፍ አምርቶ ለሕዝብ ያቀረበው ዕቃ በአግባቡ ሲጠቀሙበት ጉዳት ካደረሰ አምራቹ ኃላፊ ነው (አንቀጽ 2085)።

ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው መሬት ላይ ነው። ማስረዳት ያለበት ተጎጂው ነው። ከውል ውጭ ለሚቀርብ ክስ ደግሞ ሕጉ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ብቻ ነው (አንቀጽ 2143)። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ ነው የሚገባው። ታዲያ ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ሰው ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካን እንዴት ብሎ ይክሰስ?

ከሁሉ የከፋው ግን ይሄ ነው፦ ሐኪሙ በትክክል አዘዘ፣ ፋርማሲው በትክክል ሰጠ፣ መድኃኒቱም ደረጃውን የጠበቀ ነው። ሰውየው ግን ተጎዳ። እዚህ ያጠፋ ሰው ስለሌለ ተጎጂው ባዶ እጁን ይቀራል።

ጃፓን ይህን ክፍተት የዘጋችው እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ሕግ ነው። የመድኃኒት ኩባንያዎች የሚያዋጡበት ፈንድ አለ፤ መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ክፉኛ የተጎዳ ሰው የማንንም ጥፋት ሳያስረዳ ከዚያ ይከፈለዋል።

«እሱ ለሀብታም አገር ነው» እንዳትሉ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ የኮቪድ ክትባት በኮቫክስ በኩል አዲስ አበባ ሲገባ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ92 አገሮች ተመሳሳይ አሠራር ተዘጋጅቶ ነበር። በክትባቱ ምክንያት ለዘለቄታው የተጎዳ ሰው ፍርድ ቤት ሳይሄድ ካሳ መጠየቅ ይችል ነበር። ለኮቪድ ክትባት የተፈቀደ መርህ ለባክትሪም የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ከአስመጪዎችና ከአምራቾች የሚሰበሰብ ፈንድ በሕግ ይቋቋም ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ሕጉ እስኪመጣ ግን እጃችሁ ላይ ያለውን ያዙ፦

1. የመድኃኒቱን ማሸጊያ ከነባች ቁጥሩ፣ ማዘዣውንና ደረሰኙን አትጣሉ።

2. መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ ቆዳችሁ ካበጠ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም አፋችሁ ከቆሰለ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የመድኃኒቱ ስም ካርዳችሁ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ።

3. በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 አሳውቁ። ጥሪው ካሳ አያስከፍልም፤ ያልተመዘገበ ጉዳት ግን እንዳልደረሰ ነው የሚቆጠረው።

4. ሁለቱ ዓመት ሳያልፍ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።