በዝምታችን የሚሸጥ ቤት

በኮሎራዶ፣ በአውሮራና በዴንቨር ዙሪያ ከብዙ ድካም በኋላ የራሳችሁ ጣሪያ ሥር ለገባችሁ እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ልቤ ከብዶ ነው። እኛ ቤት ሲወሰድ ያየን ትውልድ ነን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ሲታወጅ፣ ከአፉ ነጥቆ የሠራውን ግንብ አንድ ሰው እንዴት በአንድ ሌሊት ከውጭ ቆሞ የሚያየው እንደ ሆነ አንረሳውም። ያን ጊዜ የወሰደው መሣሪያ የታጠቀ መንግሥት ነበርና ባለቤቱን ለምን ዝም አልህ ብሎ የሚወቅስ አልነበረም። ዛሬ የማየው ግን ማንም ሳያስገድደን በገዛ ፊርማችን ገብተን፣ በገዛ ዝምታችን ተገፍተን የምንወጣበት መንገድ ነው፤ ስለዚህም ኀዘኔ ከያኔው ይልቅ በዚህ ይብሳል።

ኤች ኦ ኤ የሚሉትን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ብዙዎቻችን እንደ እድር ቆጠርነው። ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ ደንብ አለው፣ የተመረጡ ሰዎች ይመሩታል፤ መልኩን ላየ ሰው እውነትም ይመሳሰላል። ነገር ግን እድር ያጠፋ አባሉን ይቀጣል፣ ቢብስበትም ከመዝገቡ ይፍቀዋል እንጂ የሚተኛበትን ቤት ለሐራጅ አያቀርብበትም፤ ሽማግሌ ገብቶም የሚለዝብ ልብ አለው። ይህኛው ማኅበር የታሰረው ከሰው ጋር ሳይሆን ከመሬቱ ጋር ነው። ደንቡን ያነበበም ያላነበበም፣ ቤቱ በስሙ በዞረበት ሰዓት አባል ይሆናል፤ ቤቱን ሸጦ እስኪለቅ ድረስም ከማኅበሩ ወጥቻለሁ ማለት አይቻለውም። የአጥሩ ቀለም፣ የሣሩ ቁመት፣ በደጁ የሚያድረው የሥራ መኪና፣ ይህ ሁሉ በዚያ የፊርማ ቀን ገጹን ቶሎ ቶሎ እየገለጥን ባለፍነው ጥራዝ ውስጥ ተጽፏል።

ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው፣ ከአገር ቤት የሚጠብቀውን ወገን እያሰበ የሚኖር ሰው፣ የባንኩን ሞርጌጅ አንድ ወር እንኳ ሳያዛንፍ እየከፈለ፣ ከማኅበሩ የመጣውን ፖስታ ግን ማስታወቂያ መስሎት መሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል። ያልተከፈለው መዋጮ በቤቱ ላይ የሚያርፍ የዕዳ መያዣ ይሆናል፤ ወለድ ይጨመርበታል፤ ፋይሉ ወደ ጠበቃ ሲተላለፍ የጠበቃው ወጪ በባለ ዕዳው ላይ ይታሰባል፤ ትንሿ ውዝፍም በራሷ ልጆች ተከብባ ትመለሳለች። በኮሎራዶ ሕግ የዚህ ዕዳ ከፊሉ፣ የስድስት ወር መዋጮ ያህሉ፣ ከባንኩ የመጀመሪያ ሞርጌጅ እንኳ ቀድሞ ይከፈላል። ባንኬን አክብሬ ከፍያለሁና ማን ይነካኛል ብሎ የሚያድር ሰው ይህን ቢያውቅ ኖሮ እንቅልፉን ትቶ ፖስታውን ይከፍት ነበር።

በሰሜን ምሥራቅ ዴንቨር በግሪን ቫሊ ራንች በርካታ ቤተሰቦች ከማኅበር ቅጣትና ውዝፍ የተነሣ ቤታቸውን ለማጣት መቃረባቸው በአደባባይ ከተሰማ በኋላ፣ የክልሉ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉን አጠበቀ። ቅጣት ብቻ በሆነ ዕዳ ቤት ማስሸጥ ተከለከለ፤ የአብዛኛው ጥፋት ቅጣት ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ውዝፉን በ18 ወር ከፍሎ የመጨረስ ዕድል እንዲሰጥ ታዘዘ። መልካም ሕግ ነው። ሆኖም ሕጉ የሚከላከለው ለሚናገር ሰው ነው፤ የክፍያ ስምምነቱን ጠይቆ የማይፈርም፣ ወይም ፈርሞ የሚያቋርጥ ባለቤት በሩ ተመልሶ ይዘጋበታል። የወር መዋጮ ውዝፍም ቢሆን ዛሬም ቤት ያስሸጣል። ጣሪያዬ ሲያፈስ አልጠገኑልኝምና አልከፍልም ብለው የሚያኮርፉ አሉ፤ እፈራላቸዋለሁ። ፍርድ ቤት ቅሬታውንና መዋጮውን ለየብቻ ያያቸዋልና፣ እየከፈሉ መክሰስ እንጂ እያኮረፉ መቅረት መብት አያስከብርም።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ባዶው ወንበር ነው። እድር ላይ አንድ እሑድ መቅረት የሚያሳፍረን ሰዎች፣ የሂሳብ ሹሙን ደረሰኝ በደረሰኝ የምንመረምር ሰዎች፣ በዚህ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ግን አንታይም። በዚያ ክፍል ውስጥ ጥቂት ጎረቤቶች ተቀምጠው የሁላችንንም ገንዘብ ይወስናሉ። በዚህ ክልል ሕግ ቦርዱ ያወጣው በጀት የሚጸድቀው ባለቤቶች ስለ ደገፉት አይደለም፤ ከባለቤቶቹ ሁሉ የሚበዙት ተቃውመው ካልጣሉት በቀር እንደ ጸደቀ ይቆጠራል። የቀረ ሰው እንደ ተስማማ ተቆጥሮ ይሄዳል። በረዶው በየበጋው የሰፈሩን ጣሪያ እየደበደበ፣ የኢንሹራንሱ ዋጋ እየናረ ሲሄድ፣ በተያያዙ ቤቶች የምንኖር ከወር መዋጮው ሌላ ድንገተኛ ተጨማሪ መዋጮ እንጠየቃለን፤ ያ ገንዘብ በሺህ ሲቆጠር ከምን መጣ ብሎ መደንገጥ ያን ጊዜ አይጠቅምም፤ መጠባበቂያው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ የሚገባው ከዓመታት በፊት ነበርና። ማኅበሩን ጠላት ነው አልልም፤ በረዶ ይጠርጋል፣ የጋራውን መንገድና ግቢ ይጠብቃል። ዳሩ ግን የማይጠየቅ ሹም እየከፋ እንደሚሄድ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ገና ጊዜ አለ፤ ለዚህም ነው ዛሬ የምናገረው። መሳቢያው ውስጥ ያሉትን ፖስታዎች ሁሉ አውጡና እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ አጠገብ አስቀምጡ፤ ልጁንም አትፈሩት፣ ዕዳን ከልጅ መደበቅ ቤትን ከልጅ መንሣት ነውና። የማኅበሩን መዝገብና ሂሳብ ማየት መብታችሁ ነው፤ በጽሑፍ ጠይቁ። በዚያው በ2022ቱ ሕግ መሠረት ባለቤቱ የሚመርጠውን ቋንቋ ለማኅበሩ ካስታወቀ፣ የውዝፍ ማስታወቂያው ከእንግሊዝኛው ጋር በዚያ ቋንቋም ሊላክለት ይገባል፤ በእሱ ፈንታ ማስታወቂያ የሚደርሰውን ሰውም መሰየም ይችላል። አንዲት ገጽ ደብዳቤ ትበቃለች፦ ስማችሁን፣ የቤታችሁን አድራሻ፣ ቋንቋዬ አማርኛ ነው የሚለውን ቃል፣ የልጃችሁን ስም። በዚህ ሳምንት ጽፋችሁ በአደራ ፖስታ ላኩ፤ ቅጂውንና የተላከበትን ደረሰኝ ከቤታችሁ ሰነድ ጋር አኑሩ፤ የሚቀጥለው ስብሰባ መቼና የት እንደ ሆነም በዚያው ደብዳቤ ጠይቁ።