ክሎኒንግ ሲባል በጊቱ ብቻ አይደለችም

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት «ክሎኒንግ» የሚለው ቃል ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው በ1996 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ የተወለደችውን በግ፣ ዶሊን ነው። ባለፈው ሰሞን አንዱ ባልደረባዬማ አማተበ። እኔ ግን አንዲትን ሕዋስ ለብቻዋ ለይቶ የማራባት ሥራ ከበጊቱ ጋር ተደባልቆ መፈራቱ ያሳዝነኛል።

በ1975 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ ላይ ሴሳር ሚልስታይንና ዦርዥ ኮለር የሠሩት ይህንኑ ነው። በተከተበች አይጥ ጣፊያ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩ ሕዋሶች አሉ፤ ከሰውነት ከወጡ ግን ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። የነቀርሳ ሕዋስ ደግሞ፣ ክፋቱ እንዳለ ሆኖ፣ መራባት አይሰለቸውም። ሊቃውንቱ ሁለቱን አዋሕደው፣ ከውሑዶቹ የሚፈለገውን የምትሠራዋን አንዲት ሕዋስ ለይተው አራቡ። ዘሯም ሁሉ ያንኑ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራ ሆነ። በ1984 ከኒልስ ዬርነ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከመድኃኒት ቤት የምንገዛው የእርግዝና መመርመሪያ፣ የደም ዓይነት መለያው፣ ለጡት ነቀርሳ የሚሰጠው ትራስቱዙማብም መነሻቸው ይኸው ነው።

ሁለቱ ሊቃውንት በዘዴው ላይ የፈጠራ መብት አልያዙበትም፤ የፈለገ ሁሉ ሠራበት። ትራስቱዙማብ ግን በ2015 በዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ቢገባም፣ በዋጋው ውድነት ምክንያት ሳያገኙት የሚቀሩ ሴቶች ብዙ ናቸው። የሻይ ሰዓት ክርክራችን በዚህ ላይ ቢሆን እወድ ነበር። ክቡር አዘጋጅም ስለ መድኃኒቱ ዋጋ ከሚመለከታቸው ጠይቀው ቢያስነብቡን በትሕትና እለምናለሁ።

አንድ አንባቢ፤ ከአዲስ አበባ