ስለ ከተማ ፕላን መለወጥና ሕዝብን አስቀድሞ ስለ መስማት

በወረቀት ላይ የሚሰመር መስመር በምድር ላይ የሰውን ኑሮ የሚለውጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ትናንት እርሻ የነበረው ስፍራ ለመኖሪያ ቤት ይሁን፥ መኖሪያ የነበረውም መንገድ ይለፍበት ተብሎ በተወሰነ ጊዜ ከፊሉ ሰው ይጠቀማል፤ ከፊሉም ይጐዳል። ስለዚህ የከተማን ፕላን የሚለውጥ ምክር ቤት ሥራው የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የዳኛም ጭምር ነው። ዳኛም ኹለቱን ወገን እኩል ሳይሰማ እንዳይፈርድ ፍትሐ ነገሥት ማዘዙን ካህናት አሳምረው ያውቁታል።

ይህ ነገር በመካነ ሰላም ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይከብዳል። የቦረና መዲና የሆነችው ይህች ከተማ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ምዕራብ አገሩ ወደ ዓባይ ቈላ ይወርዳል። እንደዚህ ባለ ደጋ ላይ ያለ ከተማ ሲሰፋ የሚሰፋው ወደ ገበሬው ማሳ ነው፤ ገበሬውም አንድ ጊዜ ከለቀቀው በኋላ የሚተካው ሜዳ በቅርብ አያገኝም። የካሳው ገንዘብ ሲያልቅ ማሳው አይመለስም።

ምክር ቤት ያለው ማዘጋጃ ቤት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 74 በ1937 ዓ.ም. ወጥቶ ነበርና። ሕዝብን ስለ መስማት ግን ግልጥ ትእዛዝ የመጣው በኋላ ዘመን ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ43ኛው አንቀጽ ሕዝቡ ኑሮውን በሚነካ የልማት ሥራ ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ደነገገ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ረቂቁ ከመጽደቁ አስቀድሞ ሕዝብ ተሰብስቦ እንዲወያይበት አዘዘ። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት ባለይዞታ፥ አስቸኳይ ነገር ካልሆነ በቀር፥ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲመከርበት ወሰነ።

እንግዲህ የጐደለው ሕግ አይደለም፤ የጐደለው ጊዜውን መጠበቅ ነው። መስማትና ማሰማት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸውና። በቀድሞው ዘመን ነጋሪት በገበያ ሲጐሰም ምክሩ አልቆ፥ ቃሉም ጸንቶ ነበር፤ ሕዝቡ የሚጠራው እንዲሰማ እንጂ እንዲናገር አልነበረም። ለዚያ ሥራ ነጋሪት መልካም ነበር። ምክር ቤት በልቡ ከጨረሰ በኋላ አዳራሽ ሞልቶ የሚጠራው ስብሰባ ግን ስሙ ውይይት ይባል እንጂ ያው ነጋሪት ነው። ገበሬውም ይህን ለመለየት ብዙ ትምህርት አያስፈልገውም፤ ዝም ብሎ ሰምቶ ይሄዳል። ዝምታውንም እንደ መስማማት የሚቈጥር ሹም ይሳሳታል።

ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ2006 ዓ.ም. ታይቷል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን በአንድነት የሚያቅደው የጋራ ፕላን፥ መሬቱን የሚያርሰው ሰው በሚገባ ሳይመከርበት ተዘጋጀ ተብሎ ተቃውሞ ተነሣበት፤ በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው በርትቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ። ለተቃውሞው ሌላም ምክንያት እንደ ነበረው አይካድም፤ ነገር ግን የነገሩ መነሻ የፕላን ጉዳይ ነበር።

መካነ ሰላምና በአካባቢዋ ያሉት ትንንሽ ከተሞች እንደ አዲስ አበባ ሰፊ ስላልሆኑ ሥራው ይቀላቸዋል። ካርታው ገና በረቂቅ ሳለ በትልቅ ወረቀት ተሥሎ በማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ይሰቀል፤ ማንበብ ለማይችለውም ባለሙያው ከማሳው ዳር ቆሞ መስመሩ የት እንደሚያልፍ በእጁ ያሳየው። ማስታወቂያው በገበያ ቀን፥ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ይነገር። ቀኑ በእርሻና በአጨዳ ወራት ባይሆን መልካም ነው፤ በክረምት ጭቃ ከሩቅ ቀበሌ ሽማግሌ መጥራትም ላለመስማት ከመፈለግ ይቈጠራል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር የባልና የሚስት ስም በአንድነት የሚጻፍበት ስለ ሆነ፥ ባልን ብቻ ጠርቶ ቤተሰቡ ተስማማ ማለት አይገባም።

ከሁሉም ይልቅ ቃለ ጉባኤው ይታሰብበት። «ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ተስማማ» የሚለው ቃል ለጸሓፊው እጅግ የቀለለ ነው፤ ለምክር ቤቱ የሚጠቅመው ግን እንቢ ያለው ሰው ነገር ነው። እርሱ ያቀረበው ምክንያት በቃሉ ይጻፍ፤ ምክር ቤቱም የተቀበለውን ለምን እንደ ተቀበለ፥ ያልተቀበለውንም ለምን እንዳልተቀበለ በጽሑፍ ይመልስለት፤ መልሱም ቀያሹ ችካል ይዞ ከመምጣቱ በፊት በባለጉዳዩ እጅ ይድረስ።